የተከራከርነው ስለ ፊልም ነው፤ ማን ተጣላ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ
ለፕሮግራም ክፍል ኃላፊው
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የአርብ ምሽት የፊልም ፕሮግራም መቋረጡን ይመለከታል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረስዎ።

እኛ አርብ አርብ ከሥራ መልስ በማዕከሉ አዳራሽ ፊልም የምናይ፣ ካየንም በኋላ ለውይይት የምንቀር የከተማው ነዋሪዎች ነን። መምህራን አለን። ተማሪዎች አለን። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ልጆቻቸውን አብልተው ብቅ የሚሉ እናቶች አሉን። በቅርቡ እንደተለመደው ስንመጣ በሩ ተቆልፎ አንድ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘን። ወረቀቱ "ከሥነ ምግባር ጋር የማይጣጣም" ፊልም መታየቱን፣ በተመልካቾች መካከል "አለመግባባት" መፈጠሩን፣ በዚህም ምክንያት ፕሮግራሙ "ላልተወሰነ ጊዜ" መቋረጡን ይገልጻል። ማህተም አለው። ፊርማ አለው። ቅሬታ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ግን አይናገርም።

በቢሮ በኩል ሞክረናል። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልን። ሌላ ቀንም ያው ነው። ስለዚህ በግልጽ ለመጻፍ ተገደድን። የማዕከሉን ስም እዚህ ያልጠቀስነው ሆን ብለን ነው። እርስዎም እኛም እናውቀዋለን፣ ሌላው አንባቢ ደግሞ በየከተማው የራሱን አዳራሽ ያስብበት።

የመጀመሪያው ቅሬታችን አጭር ነው። ማንም አልጠየቀንም። በዚያ ምሽት ከማዕከሉ ሠራተኞች አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ፊልሙን የሚያጫውተው ልጅና የበሩ ጥበቃ ብቻ ናቸው። ጥበቃው ጩኸት ሰምቶ ብቅ አለ፣ አየን፣ ስቆ ተመለሰ። ታዲያ "አለመግባባት" የሚለውን ሪፖርት ማን ጻፈው? የጻፈው ሰው አዳራሹ ውስጥ ነበር? ካልነበረ ከማን ሰማ? ይህን ማወቅ መብታችን ይመስለናል።

ሁለተኛው ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ስለ ፊልሙ ራሱ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ፊልሙን አይቶታል ብለን አናምንምና ትንሽ እናብራራ።

ፊልሙ "ኬት ኤንድ ሊዮፖልድ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የአሜሪካ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ማንጎልድ ነው፤ ሜግ ራያን እና ሂዩ ጃክማን ይተውኑበታል። ሊዮፖልድ እ.ኤ.አ. በ1876 ኒው ዮርክ ያለ የአልባኒ መስፍን ነው። ማዕረግ አለው፣ ብር የለውም። አጎቱ "ሀብታም አግባ" እያለ ነዝንዞታል። የእሱ ልብ ግን ፈጠራ ላይ ነው፤ ፊልሙ ሊፍትን የፈለሰፈው እሱ ነው ይለናል። አንድ ቀን ስቱዋርት የሚባል እንግዳ ሰው ሲከታተለው ያያል። ይከተለዋል። ስቱዋርት ከብሩክሊን ድልድይ ሊወድቅ ሲል ሊያድነው ይሞክራል፤ ሁለቱም ይወድቁና ከመቶ ዓመት በላይ ተሻግረው ይነሳሉ። ስቱዋርት በጊዜ ውስጥ ስንጥቅ አግኝቷል፤ ስንጥቁ የሚከፈትበትንም ቀን ያሰላል። ኬት ደግሞ የስቱዋርት የቀድሞ ፍቅረኛ ናት። ሥራዋ የገበያ ጥናት ነው። የቀረውን መገመት አይከብድም። መስፍኑና ኬት ይዋደዳሉ።

ይህ ነው ፊልሙ። አልጋ ላይ የሚደረግ ነገር አይታይበትም። ደም የለበትም። መስፍኑ ሴት ከማዕድ ስትነሳ አብሮ ብድግ የሚል ጨዋ ሰው ነው። እንዲያውም ከመካከላችን አንዳንድ ባሎች የተናደዱት መጥፎ ምሳሌ ሆነብን ብለው ነው፤ አሁን እነሱም ብድግ ሊሉ ነው!

ታዲያ "ሥነ ምግባር" የሚለው ነገር ከየት መጣ? እኛ እንደምንገምተው ከዘር ቆጠራው ነው። ይህን በደንብ ልንገርዎ፤ ምክንያቱም የምሽቱ ጭቅጭቅ ሁሉ የተነሳው ከዚህ ነው።

ፊልሙ ሁለት መልክ አለው። መጀመሪያ ሲሠራ ስቱዋርት የሊዮፖልድ ዘር ነው፤ አራተኛ ትውልድ። እንግዲህ ይታይዎት። ሊዮፖልድ ኬትን ካገባ ኬት የስቱዋርት የቅድመ አያት እናት ልትሆን ነው። ስቱዋርት ደግሞ ከእሷ ጋር ፍቅረኛ ነበር። ፊልሙ ለተቺዎች ከታየ በኋላ ነገሩ መነጋገሪያ ሆነ። ለሕዝብ ሲወጣ ይህ የዝምድና ነገር ተቆርጦ ወጣ። በኋላ በዲቪዲ የወጣው የዳይሬክተሩ ቅጂ ግን መልሶታል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ያየ ሰው ሌላውን ካየ ሰው ጋር ስለ አንድ ፊልም የሚያወራ ይመስለዋል እንጂ አያወራም።

ማዕከሉ የመረጠልን ረጅሙን፣ የዳይሬክተሩን ቅጂ ነው። ከተመልካቹ ብዙዎች ደግሞ አጭሩን ድሮ ቤታቸው በዲቪዲ ወይም ከጓደኛ በፍላሽ ተቀብለው አይተውታል። ፖስተሩ ላይ የትኛው ቅጂ እንደሆነ አልተጻፈም። መጻፍ ነበረበት። ያንን መስመር ብትጽፉ ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቅ አይነሳም ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አንድ እናት ተነሡ። "ልጆቼ፣ ቆዩ፣ እስቲ እንቁጠር" አሉ። ጣታቸውን ዘርግተው ቆጠሩ። በእኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እርስዎም ያውቁታል። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "አራት ቤት! ይኼማ ነውር ነው!" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ባጃጅ ነጂ ከኋላ፣ "እማማ፣ ሲዋደዱ እኮ ገና ዘመድ አልነበሩም! ዘመድ የሆኑት ከተለያዩ በኋላ ነው" ብሎ መለሰ። እማማ ጥቂት አሰቡና፣ "ዘመድ ከተወለደ በኋላ አይሠራም፣ ቀድሞም ዘመድ ነው" አሉ። ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የጦዘው። ግማሹ ከእማማ ጋር ቆመ፣ ግማሹ ከባጃጅ ነጂው ጋር። አንድ ወጣት ደግሞ ተነስቶ፣ "የምን የዘር ሐረግ ነው የምታወሩት? ፊልሙ ላይ እንደዚህ የሚባል ነገር የለም! እኔ ስንቴ አይቸዋለሁ" አለ። እሱ ያየው አጭሩን ነው። አሁንም የታየው ያው ነው ብሎ ረጅሙ ሲጫወት ስልኩን ሲነካካ ነበር። ሁለት ሰዎች ወደ እሱ ዞረው ጮኹ። እሱም ጮኸ። ሲነሳ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ወደቀ።

በቃ። "አለመግባባት" የተባለው ይህ ነው። ወንበሩ አልተሰበረም። ልጁም እማማም አብረው ወጡ፤ እኔ በዐይኔ ያየሁት ነው። የዘር ሐረጉን ለማስረዳት ሦስት አራት ሰዎች እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ በእግራቸው አጅበውት ሄዱ። የተጣላ ሰው ማታ ሐይቅ ዳር አብሮ አይንሸራሸርም።

እኔን ከጠየቁኝ የማንጎልድን ረጅም ቅጂ እመርጣለሁ። ስቱዋርት ለምን ሊዮፖልድን ፍለጋ ወደ 1876 ሄደ የሚለው ጥያቄ በአጭሩ ቅጂ ላይ አንካሳ ይሆናል። የራሱን ቤተሰብ ለማየት ነው የሄደው ሲባል ግን ነገሩ ይገባል። ነውሩን ለመደበቅ ብለው ምክንያቱን አብረው ቆረጡት። የእማማን ወገን ግን አልንቅም። ዳይሬክተሩ ራሱ በዝምድናው እንዲያስቀን አስቦ ከሆነ ያልሳቀ ሰው ነውር አልሠራም።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ትዕይንት ነገር። ወረቀታችሁ ስለዚህ ምንም አይልም። እኛ ግን ከሁሉ በላይ የተከራከርነው በእሱ ላይ ነው።

ሊዮፖልድ ወደ ዘመኑ ይመለሳል። ኬት ለፍታ ለፍታ የጠበቀችውን እድገት ታገኛለች። እድገቷ በሚከበርበት ግብዣ ላይ ስቱዋርትና ወንድሟ በ1876 የተነሱ ፎቶዎችን ይዘው ይመጣሉ። ፎቶው ውስጥ ራሷን ታያለች። ሁሉን ጥላ ወደ ድልድዩ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ሊዮፖልድ ሚስት ሊመርጥ ወደተሰናዳው ግብዣ ትደርሳለች።

ከፓርኩ ፈረቃ ወጥታ የምትመጣ አንዲት እህት እጇን አወጣች። "እኔ ከኦፕሬተር ወደ ሱፐርቫይዘር ለማደግ ምን እንዳየሁ አውቃለሁ" አለች። "እሷ እድገቱን ባገኘች ሰዓት ጥላው ስትሄድ ማጨብጨብ አቃተኝ።" በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሴት በአገር ደረጃ ድምፅ የመስጠት መብቷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው ብሎ አንድ ተማሪ አከለ። ኬት ከደረሰች በኋላ ገና 44 ዓመት መጠበቅ አለባት ማለት ነው። ሌላዋ ደግሞ፣ "መስፍን እኮ ነው ያገባችው፣ ቤቷ ሠራተኛ ይሞላል" አለች። የፓርኳ ልጅ ዞር ብላ፣ "ሠራተኛዋስ ሴት አይደለችም?" አለቻት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ዝምታውን የሰበረው አንድ ነጋዴ ነው። "ሊዮፖልድ እኮ ብር የለውም! አጎቱ ሀብታም አግባ ያለው ለዚህ ነበር። ኬት ባዶ እጇን ሄደች። በወሩ መጨረሻ ምን ሊበሉ ነው?" አለ። ፊልሙ ይህን አይመልስም። በእርግጥ የፍቅር ኮሜዲ ስለ ቤት ኪራይ አያወራም፤ የእኛዎቹም አያወሩም። ፍቅር ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ ያሉም ነበሩ። ኬት የሄደችው ሥራዋ አድክሟት ነው፣ ያረፈችው በዚያ ነው ያሉም ነበሩ። እኔ በግሌ መጨረሻውን አልወደድኩትም። የሚሰዋው ሰው ማን ይሁን ተብሎ አንዴም አልተጠየቀም። ሊዮፖልድ ከቀረ ሊፍት አይፈለሰፍም ተባለና ለሊፍት ሲባል ሴትየዋ ሄደች። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ አጠገቤ የነበሩት መምህር አልተስማሙም፣ እስካሁንም አልተስማሙም።

ስለ ሊፍቱ ካነሳን አይቀር። ሊዮፖልድ ወደ እኛ ዘመን ሲመጣ የከተማው ሊፍቶች በሙሉ መሥራት ያቆማሉ፣ ፈጣሪያቸው ከዘመኑ ጠፍቷልና። ስቱዋርት ሊፍት አለ ብሎ ሲገባ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል። ይህን ጊዜ አንዱ ከመሐል፣ "ለካ የእኛ ከተማ ሊፍቶች የቆሙት ለዚህ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሐዋሳ ውስጥ ስድስተኛ ፎቅ ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ይህም ጩኸት በሪፖርቱ ውስጥ ተቆጥሮ ከሆነ እንዲቀነስልን እንጠይቃለን።

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህራችን ሌላ ክርክር አመጡ። ሊፍት እንዳይወድቅ የሚያደርገውን መሣሪያ ኤሊሻ ኦቲስ ኒው ዮርክ ላይ ያሳየው ከ1876 ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው አሉ። የፊልሙ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ የሊዮፖልድን አሽከር ኦቲስ ብለውታል። የአልባኒ መስፍን የሚለው ማዕረግ ለንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ለሊዮፖልድ የተሰጠው ደግሞ በ1881 ነው። ብሩክሊን ድልድይም የተመረቀው በ1883 ነው፤ በ1876 ገና በግንባታ ላይ ነበር። ወጣቶቹ፣ "አቦ፣ ፊልም እኮ ነው!" አሏቸው። እሳቸው ግን ቀጠሉ። በዚያው ዓመት አፄ ዮሐንስ ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ይዋጉ ነበር አሉን። ከተማችን ሐዋሳ ገና አልተቆረቆረችም። እዚህ ላይ ማንም "ፊልም ነው" አላለም። ሁሉም የሚያስበው ስንጥቁ ሐዋሳ ላይ ቢከፈት ማን ያገኘዋል፣ የት ይወድቃል የሚለውን ነበር። አንድ የሲዳማ ልጅ ተነስቶ ስለ አያንቶዎች አወራን። ሽማግሌዎቹ ከዋክብትንና ጨረቃን አይተው ፊቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን እንዴት እንደሚወስኑ ነገረን። ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህን ዕውቀት ይዞ ነው። "ስቱዋርት ቀመር ሠርቶ ያገኘውን የእኛ አባቶች ሰማይ አይተው ያደርጉታል" አለ። ስቱዋርት የሚያሰላው ሌላ ነገር ነው ብሎ የተከራከረውም አልጠፋ። እኔ ልጁ ቀልዱን ከቁም ነገሩ ቀላቅሎ ያቀረበበት መንገድ ደስ ብሎኛል። ሥነ ምግባር የጎደለው ምሽት ይህ ነው እንግዲህ።

ስለ ቅቤውም አንድ ነገር እንበል። ኬት ሊዮፖልድን የማርጋሪን ማስታወቂያ ታሠራዋለች። በዚያ አነጋገሩ ሲያሞግሰው የማይገዛ ሰው የለም። በኋላ ግን ይቀምሰዋል። አስጠሊታ ነው። ሰው አላታልልም ብሎ ይነሳል። ኬት ደግሞ ደክሟታል። ለማረፍ ትንሽ መዋሸት ካስፈለገ ትዋሻለች። ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር እየተቀላቀለ ገበያ በሚወጣበት አገር ይህን ትዕይንት ዝም ብሎ የሚያይ ማን ነው? እናቶቹ በአንድ ድምፅ ከሊዮፖልድ ጋር ሆኑ። ደመወዝ የሚጠብቁት ደግሞ ከኬት ጋር። ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ ቦታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ለእንጀራው ስንት ውሸት ይችላል የሚለውን ጥያቄ ይዘን ነው ያመሸነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ቢኖር ኖሮ የትኛው ወገን ላይ ይቀመጥ ነበር?

ፊልሙን አሜሪካ ውስጥም የወደደው አለ፣ ያጣጣለው አለ። የዚያ አገር ተቺዎች ሲወጣ ለሁለት ተከፍለውበታል። በዚህ ምክንያት አዳራሽ የዘጋ አልሰማንም።

አራተኛ፣ ስለ አዳራሹ። መብራት መሄዱን ማንም አይወቅሳችሁም። ጀነሬተሩ ግን አለ፤ ነዳጁ ነው የሌለው። በዚያ ምሽት ሊዮፖልድ ወደ ዘመኑ ሊመለስ ሲል መብራት ሄደ። ሲመጣ አጫዋቹ ፊልሙን ካቆመበት ሳይሆን ወደፊት አሳልፎ ጀመረው። ሰዎች ሊዮፖልድ መቼ እንደሄደ ሳያዩ ኬት ድልድይ ላይ ስትሮጥ አዩ። ጥያቄው ከዚያ ነው የበዛው። የአማርኛው ጽሑፍም ነጭ ሆኖ በነጭ ግድግዳ ላይ ነው የሚሄደው፣ ከኋላ አይነበብም። 1876 ሲል እ.ኤ.አ. ይሁን ዓ.ም. አይገልጽም። አንድ አባት ያንን ከአድዋ ዓመት ቀንሰው ለአድዋ 12 ዓመት ቀርቶታል ሲሉ ያመሹት በዚህ የተነሳ ነው። 20 ዓመት ነው የሚቀረው።

አምስተኛው ቅሬታችን ነው ከሁሉም የሚያንገበግበን። ቅዳሜና እሁድ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ስክሪን፣ የእንግሊዝ ኳስ ይታያል። እኛም እናያለን፣ አንክድም። አርሰናልና ማንቸስተር ሲጫወቱ ግን አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል፤ በትክክል ለሁለት፣ ግራና ቀኝ ተለይቶ። ስድብ አለ። ብድር የሚያስመልስ ውርርድ አለ። አንገት ለአንገት የተያያዙ ሰዎችን ጥበቃው ሲለያይ አይተናል። ወንበር የሚሰበረው ያኔ ነው። ኳስ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል የሚል ወረቀት ግን አላየንም። መግቢያው ስለሚከፈልበት ይሆን? የፊልሙ ምሽት በነጻ ስለሆነ ይሆን? ከሆነ ይነገረን፤ ጥቂት ብር መክፈል አያቅተንም። ምክንያቱ ብር ሆኖ ሳለ "ሥነ ምግባር" እንዲባልብን ግን አንፈልግም።

የተጎዳው ተመልካቹ ብቻም አይደለም። በበሩ ላይ ሻይና ፈንዲሻ የምትሸጥ እናት አለች። አርብ ማታ ነበር ገበያዋ። አሁን በዚያ ሰዓት በሩ ጨለማ ነው፣ እሷም ዕቃዋን ወደ መናኸሪያ አካባቢ አዙራለች፤ እዚያ ደግሞ ደንብ አስከባሪ አያስቀምጣትም። ከአቶቴና ከአላሙራ በኩል የሚመጡ ተማሪዎች ሌላ የሚሄዱበት የሌላቸው አሉ። ወላጆቻቸው "የት ነበራችሁ?" ሲሉ "ማዕከል" ማለት ይበቃ ነበር።

አንድ ሠራተኛችሁ በቃል፣ "ወደፊት ትምህርታዊ ፊልም ብቻ ነው የሚታየው" ማለታቸውን ሰምተናል። ትምህርታዊ ፊልም አንጠላም። ግን ሰው ከሳምንት ድካም በኋላ ፈታ ማለት ይፈልጋል። ከአማርኛ ፊልሞቻችንስ ብዙዎቹ የፍቅር ኮሜዲ አይደሉም እንዴ? ተመልካች ሲኒማ የሚሞላው ለእሱ ነው። ደግሞም አንድ ምሽት ላይ ስለ ጉራ ጦርነት፣ ስለ ሰባት ቤት፣ ስለ ሴት ድምፅ፣ ስለ ቅቤና ስለ ፊቼ ያወራንበትን ፊልም ትምህርታዊ አይደለም ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

የአርብ ምሽቱ ይመለስልን። የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ቁርጥ ባለ ቋንቋ ይጻፍልን፤ "ላልተወሰነ ጊዜ" የሚለው ይቅርና ቀን ይቆረጥ።

ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ባለበት ስብሰባ ይጠራልን። እማማም ባጃጅ ነጂውም ለመምጣት ፈቃደኛ ናቸው። ወንበሩን የጣለው ልጅም ይመጣል።

ፖስተር ላይ የፊልሙ ርዝመት፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነና ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚፈቀድ ይጻፍ። ልጆች ማየት የሌለባቸው ነገር ካለ አስቀድሞ ይነገረን፣ እኛም ልጆቻችንን ቤት እንተዋለን። ፊልም የሚመረጠውም ከተመልካቹ ሁለት ሰው ባለበት ይሁን።

ከፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለውይይት ይሰጠን። አወያዩን እኛ እንመድባለን፣ ወንበሩንም እኛ እንደረድራለን። የፓርኩ የፈረቃ ሠራተኞች እንዲደርሱ ፊልሙ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ባይጀመር ጥሩ ነው። ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሴቶች እንዳይቸገሩ ባጃጅ ነጂዎቻችን በየሰፈሩ ለማድረስ ቃል ገብተዋል።

የጀነሬተሩን ነዳጅ ወጪ ተመልካቹ በመዋጮ ሊሸፍን ይችላል። ደረሰኝ ብቻ ይሰጠን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በሩ ላይ ብትለጥፉትም እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአርብ ምሽት የፊልም ተመልካቾችን በመወከል
የውይይቱ አወያይ
ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ ቦርድ አባላት
ለአዳራሹ ፊልም አጫዋች
ለበሩ ጥበቃ፣ ለምስክርነት